አያቴ ጆሯችንን ሲገሩ

አያቴ ቁሐር ሚካኤል በሚባለው መንደር ባለው ቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት ጸሎት አድርሰው፣ እኛን የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ ከበገናቸው አንድ ክር ብቻ ይመቱ ነበር። ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ማውራት ክልክል ነው። ከዚያ «ምን ሰማችሁ?» ይሉናል።

አጎቴ «አባባ፣ ሩዙን አረም ወረሰው፤ ልጆቹን ይልቀቋቸው እንጂ» ሲላቸው፣ «አረሙ ነገም አለ፤ ጆሯቸው ግን አሁን ካልተገራ አይገራም» ይሉት ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔም ልጆች ወልጄ ሳለ፣ አያቴ አረፉ። የአርባቸው ተዝካር እንደወጣ አጎቴ «እንግዲህ ባለቤቱ የለም፤ በገናው ይሰቀል» አለ።

«አይሰቀልም! የሞቱት እሳቸው እንጂ ትምህርታቸው አይደለም» አልኩት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ልጆቼን ሰበሰብኩ። እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው መደብ ላይ ለመቀመጥ ግን አልደፈርኩም፤ መሬት ተቀምጬ ክሩን መታሁ። ትንሿ ልጄ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ላልቷል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። አጎቴ በር ላይ ቆሞ እያየ፣ ክሩን አጥብቄ ደግሜ መታሁት።