ሽቶ የተቀባው ክንድ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር። ወይስ ሐምሌ ገብቶ ነበር? ፀጉር አስተካካዩ ዛሬም እርግጠኛ አይደለም። እሁድ መሆኑን ግን አይዘነጋም፤ ሱቁ ዝግ ነበርና።

ሚስቱ የነፍሳት ተመራማሪ ናት። ደንበኞቹ «ዶክተር ቢንቢ ደኅና ናት?» እያሉ ይቀልዱበታል። ያን ሰሞን ከአንድ ረግረግ በቀር የትም የማትገኝ ብርቅ ቢንቢ ወባ ታስተላልፍ እንደሆነ ታጠና ነበር። ከከብት ሌላ አትነካም ይባልላታል። ሰው ካልነከሰች ጥናቱ በዚያው ያከትማል፤ ከነከሰች ግን ተመራማሪዋ ጓዟን ሸክፋ ረግረጉ ዳር ልትከርም ነው። ባለፈው ክረምት እንዲሁ ሄዳበት፣ ብቻውን መብላት አልሆንልህ ቢለው ራቱን ሱቁ ውስጥ ከመስተዋት ፊት ነበር የሚበላው።

«እኔን ቢንቢ ነክሶኝ አያውቅም፤ ክንድህን አውሰኝ» አለችው።

«ወባ ብታስይዘኝስ?»

«እዚሁ ሣጥን ውስጥ የተፈለፈለች ናት፣ ከማን አምጥታ? ካንተ እሷ ትጸዳለች።»

አላንገራገረም። ከሥራ ሲመለስ ክንዱን መረብ በለበሰው ሣጥን ውስጥ ይሰዳል፤ ቢንቢዋ ዞር ዞር ብላ ጥግ ትይዛለች። የሚስቱ ፊት ሲጠቁር «ምን ይደረግ፣ ጨዋ ፍጥረት ናት» እያለ ያጽናናታል። በሆዱ ግን ይፈነድቃል። አስቀድሞ ጓዳ ጎራ ብሎ፣ ተላጭተው በሚነሱ ደንበኞች አንገት ላይ የሚያርከፈክፈውን ሽቶ እስከ ክርኑ ተለቅልቆታል። እሷ ያን ሽታ ከሠርጋቸው ጀምሮ ስለለመደችው አፍንጫዋ አይቆጥረውም።

እሁድ ዕለት አማቱ መጡ። ገና በር ላይ ሲያቅፉት፣

«ውይ ልጄ! ሱቅህ ዝግ አይደል እንዴ? ለማን ነው እንዲህ የሸተትከው? ሌላ ሙሽራ አገኘህ?»

ሚስቱ ቀና አለች። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ክንድህን!»

«አሁን? እማማ እኮ ገና መግባታቸው…»

«ክንድህን አልኩህ!»

ቧንቧ ሥር ወስዳ በሳሙና ፈገፈገችው፤ ደጋግማም አለቀለቀችው።

«ኧረ ልጄን ላጥሽው!» አሉ አማቱ፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው።

ቢንቢዋ ዛሬ ዞር ዞር አላለችም። ክንዱ ላይ አርፋ ሆዷ እስኪቀላ ጠጣች።

«ነከሰች!» ሚስቱ ግንባሩን ሳመችው፤ ወዲያው «አጭበርባሪ!» አለችው። ይቅር ትበለው አትበለው አልለየለትም። ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ለአለቃዋ ልታሳይ ወደ በሩ ሮጠች።

«ቆይ እንጂ» አለ ክንዱን እያከከ፣ «እንግዲህ ወደ ረግረጉ መቼ ነው የምት…»

ደረጃውን ጨርሳ ታክሲ እየጠራች ነበር።