ሻለቃው ያቀኑት እጄ

የአዮዲን ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ዛሬም ነገሌ ቦረና እገባለሁ፤ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ከነበረው የቆርቆሮ ሕክምና ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ቀደም እሳት ላይ ወድቄ ቀኝ እጄ ተቃጥሎ ነበር። ቁስሉ ሲድን ጣቶቼ ታጥፈው መዳፌ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ሰው ፊት እጄን ነጠላዬ ሥር እደብቅ ነበር።

ሻለቃው ሐኪም የመጡት በዚያ ዓመት ነው። ለዚያ ቆላ አገር የመጀመሪያው ቀዶ ሐኪም እሳቸው ነበሩ። ከእሳቸው በፊት ሆዱን ቆርጦት የወደቀ ሰው በጭነት መኪና ወደ ይርጋለም ይላካል፤ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል። እሳቸው ግን መሣሪያቸውን በጋዝ ምድጃ እያፈሉ፣ ወታደሩንም ከብት አርቢውንም እኩል ያክሙ ነበር። እናቴ የአገሩ ተወላጅ ስለነበረች ባዩዋት ቁጥር በኦሮምኛ "አካም፣ ናጋ?" ብለው ሰላም ይሏታል፤ አነጋገራቸው ያስቃት ነበር።

እጄን አገላብጠው ካዩ በኋላ ለአባቴ፣ ለአሥር አለቃው፣ "ይህን ሲሠራ አይቻለሁ እንጂ እኔ ሠርቼው አላውቅም" አሉት።

"ባይሆንስ ጌታዬ?"

"ባይሆን እንዳለ ይቀራል። ቢብስ ደግሞ ጣት ልታጣ ትችላለች።"

ሻለቃው ወደ እኔ ዞሩ። "እጁ ያንቺ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ?"

እስከዚያ ቀን ትልቅ ሰው ሐሳቤን ጠይቆኝ አያውቅም። "ይሞክሩት" አልኩ።

ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ጀመሩ። ጣቶቼን ከመዳፌ አላቅቀው፣ ከጭኔ ቆዳ ወስደው መዳፌ ላይ ሰፉ፤ ጣቶቼንም ስስ ጣውላ ላይ ዘርግተው አሰሩ። ለሳምንታት ፋሻውን በገዛ እጃቸው ቀየሩ። ሳለቅስ፣ "አልቅሺ፤ ጣቶችሽን ግን አታጥፊ" ይሉኛል። ፋሻው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈታ ዕለት እናቴ መዳፌን ጉንጯ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

ሻለቃው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ጦር ሰፈር ተዛወሩ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ልብስ ሰፊ ሆኜ ልጆቼንም አሳድጌ፣ አዲስ አበባ ቤታቸውን አፈላልጌ አገኘሁ። ዓይናቸው ጠፍቷል። ብዙ ነገር እንደተረሳቸውም ልጃቸው በር ላይ ነግራኛለች። ሰላም ስላቸው እጄን ያዙና አልለቀቁትም፤ አውራ ጣታቸው የስፌቱን ጠርዝ ተከትሎ ሄደ።

"ማነው የሠራልሽ?"

"ነገሌ የነበሩ ሐኪም ናቸው።"

"ትንሿ ጣት አልተቃናችም" ብለው ጣቴን ዳበሱ። "ጀማሪ ነበር መሰለኝ። ግን ተጠንቅቋል።"

"አዎ አባባ፣ በጣም ተጠንቅቀዋል።"

እርስዎ ነዎት ልላቸው ስል፣ እጄን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እስኪነቁ ድረስ አልሳብኩትም።