ኳሷ የምትታጠፍበት ሰርዶ

ባሕር ዳር ለማስተማር በተመደብሁ በዓመቱ፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ አንድ ሽማግሌ ጎልፍ ሲጫወቱ አየሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ጎልፍ የመሳፍንት ጨዋታ እየተባለ የሚወገዝ ስለነበር ገርሞኝ ቆምሁ። ሰውየው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ጨዋታውን የለመዱት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከፈረንጅ መሐንዲሶች ጋር ሲሠሩ ነው። የማረፊያው ኃላፊ የወንድማቸው ልጅ በመሆኑ ጓሮውን ለቆላቸዋል። እሳቸውም ከሐይቁ ዳርቻ ሰርዶ አስነቅለው ተከሉበት፤ ምንጣፍ እስኪመስል ዝቅ አድርገው አጭደውም ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ቆፈሩለት።

የሥነ ሕይወት መምህርት መሆኔን ሲሰሙ ዱላቸውን አስቀምጠው ያሳሰባቸውን ነገሩኝ። ሜዳውን በውኃ ልክ ለክተውታል፤ ደልዳላ ነው። ኳሷ ግን አንድ ቦታ ስትደርስ ትታጠፋለች፣ ሌላ ቦታ ትዘገያለች።

ተንበርክኬ አየሁት። ከሩቅ አንድ ወጥ የመሰለኝ ሣር ለካ ዥጉርጉር ኖሯል። አንዱ ጋ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አጠገቡ ያለው ሰፋ፣ ሻከር ይላል፤ ወደ አጥሩ ያለው ደግሞ ገርጥቷል።

"አፈሩ ነው" አሉኝ። "ዕድሜ ልኬን መሬት ስለካ ኖሬያለሁ። ትንሽ ፈቀቅ ባልሽ ቁጥር አፈሩ ሌላ ነው።"

"እኔ ደግሞ ዘሩ ነው እላለሁ፣ ጋሼ። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ?"

"እንግዲያው አሳይኝ።"

ከየዓይነቱ ቆርጬ ሹም አቦ ሰፈር በተከራየኋት ቤት ደጃፍ በባዶ የወተት ጣሳዎች ተከልሁ። አፈሩንም ውኃውንም ፀሐዩንም እኩል አደረግሁ። አከራዬ ሣር በጣሳ የምታሳድግ መምህርት አይተው ስለማያውቁ ለጎረቤት ሁሉ ያሳዩኝ ነበር። ስለ ዘር ውርስ ሳስተምር የኖርሁት ከመጽሐፍ ነው። የራሴን ጥያቄ ይዤ መልሱን ስጠብቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበርና ከእንቅልፌ ስነቃ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ወደ ጣሳዎቹ እሄድ ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ ተሸክሜያቸው ሄድሁ። ቀጭኑ እንደቀጠነ፣ ሻካራው እንደሻከረ ነው። የገረጣው ግን ለምልሞ ከሻካራው ልለየው አልቻልሁም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩና ሳቁ። አጥሩ ሲሠራ እዚያ ቦታ ኖራ ተደፍቶ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ለሁለታችንም ተፈረደልን።

ከዚያ ወዲያ ሰርዶውን ከነቀሉበት ዳርቻ አብረን ሄድን። እዚያም ቢሆን አንዱ ሰርዶ ካንዱ ጋር አይመሳሰልም፤ ስንት ዘመን ረግጬው ሳልፍ አንድ ሣር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀጭኑን አባዝተን ሜዳውን እንደ አዲስ ተከልነው፤ ኳሷም ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ቀበሌው ጓሮው ድንች እንዲተከልበት ወሰነ። እኔ ተናድጄ እሑድ ስመጣ እሳቸው ዶማ ይዘው ቀድመውኛል። ከመቆፈራቸው በፊት ከቀጭኑ ሰርዶ አንድ ቁራጭ አንስተው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለዋል።

"ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ እህት አለችኝ" አሉ። "የዚያ አፈር ሌላ ነው። እስቲ እዚያ ምን እንደሚሆን ልየው።"

በዚያው ሳምንት ጆንያቸውን ታቅፈው በጀልባ ተሳፈሩ።