ከአንኮበር የመጣው ፊት

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር የኔን ያህል ሥዕል የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ብርዱ አላሳደገውም። ይህን ስናገር ሃያ ዓመት አልፎኛል። ዕውቀቴ በሙሉ ሦስት ቃል ነበረች። ማንኛውም ሥዕል ፊት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ «ቀለሙ ራሱ ይናገራል» እላለሁ። አንድ ቀን አዲስ የተቀባ የወፍጮ ቤት በር ፊት ቆሜም ብያለሁ።

ይህን ሁሉ ጉራዬን የሚችለኝ አብሮ አደጌ ሠዓሊው ነው። እሱ የሚሥለው ሰው ብቻ ነው፤ ያውም በውሃ ቀለም፣ በሸራ ላይ። ሸራውን በጠመኔ ለቅልቆ ያደርቅና ቀለሙን እንደ ጤዛ ያሳርፍበታል። ከሁሉም የሚሳሳው ለእናቱ ሥዕል ነበር። እናቱ ካሜራ ባዩ ቁጥር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ የሚጥሉ ሴት ነበሩ። ለልጃቸው ግን አንኮበር ደጃፋቸው ላይ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ሦስት ቀን ተቀመጡለት። ሲያርፉ የቀረው መልካቸው ያ ሸራ ብቻ ሆነ።

እህታቸው ያኔ ደብረ ብርሃን ታመው ተኝተው ስለነበር ቀብር አልደረሱም። እኛ ዘንድ ቀብር ያልደረሰ ሰው ቢያንስ የሟችን ፎቶ ይዞ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። ፎቶ ደግሞ የለም። ስለዚህ ጓደኛዬ ከተማው ውስጥ የሥዕል ትርኢት ሊከፍት መሆኑን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው እዚያ መጥቼ እህቴን አያታለሁ፤ አለቅስላታለሁ» አሉ።

ሸራውን ከአንኮበር ቤት እንዳመጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቀፍኩት።

«ምን ይዘሃል ጋሼ?» አለኝ ከጎኔ ያለው።

«ንግሥት ናት። ጠጋ በልላት።»

እውነትም ጠጋ አለ።

ትርኢቱ ሊከፈት አንድ ሰዓት ሲቀረው ሰቀልኩት። ብርሃኑ ሲያርፍበት ግንባራቸው ላይ የምድጃ ጥላሸት፣ ጉንጫቸው ላይ የዝንብ ኩስ አየሁ። አዋቂ አይደለሁ? ሰው ሁሉ ሳሎኑ የሰቀለውን ባለመስታወት ፎቶ እንደሚያደርገው መሐረቤን አርሼ ወለወልኩ። ጥላሸቱ ለቀቀ። ዓይናቸውም አብሮ ለቀቀ። ደንግጬ ላስተካክል ስል አፍና አፍንጫቸው ጉንጫቸው ላይ ተንሸራተተ።

ጓደኛዬ መጥቶ ሲያይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ሆነች?»

«ጉም ነው» አልኩ፤ መሐረቤ ኪሴ ውስጥ ሱሪዬን እያረጠበ። «የአንኮበርን ጉም ታውቀው የለ? ሚኒባሱ ውስጥ ወንበር ይዞ ነው የመጣው!»

አልሳቀም። «ስትፈትል የታች ከንፈሯን ትነክስ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በየትኛው በኩል እንደሆነ ረስቻለሁ። ሥዕሉ ላይ ነበር የማየው።»

ልናወርደው ስንነሳ አክስቱ ደረሱ። የነጠላቸውን ጥለት እንደ ለቅሶኛ ወደ ላይ አዙረው፣ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ወጥተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ሊጎበኝ የመጣው ሰው ነገሩ ገብቶት ቦታ ለቀቀላቸው። ለማልቀስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ግን ድምፅ አልወጣቸውም። ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና አዩ።

«እጇን አየሁት። እንዝርቷንም አየሁት። ፊቷ ነው እምቢ ያለኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሥዕል አዋቂ ነህ ይሉሃል፤ እስቲ ንገረኝ፣ ዓይኔ ነው ወይስ እሷ ናት?»

ጓደኛዬ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

«ዓይንዎ ነው፣ እማማ። በሽታው ነክቶት ነው።»

«ይሁን» አሉ። ጥለታቸውን መልሰው ወደ ታች አዞሩት። ለእህታቸው ሳያለቅሱ፣ ብቻቸውን የወጡትን ደረጃ እጃቸውን ተይዘው ወረዱ። የያዝኳቸው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው ጣት ይፈልጉት ነበር።

ባለፈው ክረምት እስኪያርፉ ድረስ «እህቱን ያላየ ዓይን ምን ያያል» እያሉ ከግቢያቸው ብቻቸውን አልወጡም። ጓደኛዬ ዛሬም የሚረግመው ጉሙን ነው። ዓይናቸው ግን ደህና ነበር። የእህታቸውን ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በምራቄ ባራስኩት መሐረብ።