ከአያቴ አፍ ያስቀረሁት ቃል

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኮተቤ በአባቴ ቤት አምስት ነበርን። አያቴ ጫልቱ መደብ ላይ፣ አባቴ ቶላ ከበሩ አጠገብ፣ ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ለማ በርጩማ ላይ፣ ባሕር ዛፋችንን ሊገዛ የመጣው ጢማም እንግዳ ከፊታቸው፣ እኔም በመካከል ቆሜ። ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

አያቴ ከኦሮምኛ በቀር አታውቅም፤ ዓይኗንም ሞራ ሸፍኖት ነበር። እንግዳው አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መሰለን። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። «ያለ መምህር ፊደል የቆጠረ ሊቅ አለን!» ብለው ጋሼ ለማ አላገጡብኝ።

እንግዳው የዛፉን ነገር ትቶ፣ «ልጆችዎ ሁለቱ ብቻ ናቸው?» ሲል ጠየቃት። አያቴ ቀና አለች። ሁንዴ የሚባል ሦስተኛ፣ የመጨረሻ ልጅ እንደ ነበራት ተናገረች። በመሬት ተጣልተው ታላላቆቹ «አሪአን» አለች፤ አባረሩት ማለት ነው። «እኔ ግን ከገበያ የሚመለሰውን ሁሉ ስለ እሱ ስጠይቅ ኖርኩ» አለች።

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። አየኋቸው።

«በገዛ ፈቃዱ ሄደ ትላለች» አልኩ።

እኔ አልኩት። ማን አዘዘኝ? ማንም። አሥራ አምስት ዓመት የተሸከመችውን ቃል ለእንግዳ ሰው ስትሰጥ እኔ ቀማኋት። እሷም የደረሰላት መስሏት ራሷን ነቀነቀች።

እንግዳው ድንገት ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ውኃ በጣሳ ይዤ ተከተልኩት። ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እጁን ዘረጋ፤ አፈሰስኩለት። ፊቱን ታጠበና በጥሩ ኦሮምኛ፣ በዝግታ፣ «አንድ ቃል አስቀረህ» አለኝ።

ሁንዴ መሆኑ ያኔ ገባኝ። የዮሴፍን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ! ማንነቱን ሰውሮ ወንድሞቹን ሲያነጋግር፣ ተደብቆ ሲያለቅስ፣ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ። በመካከላቸው አስተርጓሚ እንደ ነበረም ተጽፏል። ያ ሰው ቃላቸውን ምን እንዳደረገው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሁንዴ ገባ። ከውጭ የሰማሁት «አዮ» ሲላት ብቻ ነው፤ እናቴ ማለት ነው። ከዚያ አያቴ ስሙን ጠራች።

ያደረግሁትን ለአያቴ አልተናገረብኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዝምታው እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። አያቴ ሳልነግራት ሞተች። ለአባቴ ብዬ ነው አልልም። ፈርቼ ዋሸሁ፤ በቃ።

ደፍሬ አልገባሁምና የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። ጋሼ ለማ፣ እርስዎ ግን ውስጥ ነበሩ። መጀመሪያ በሁንዴ እግር ላይ የወደቀው ማን ነው? አባቴስ ምን አሉት? የሚያውቁትን በዚህ ጽሑፍ ላይ ይጨምሩበት፤ ለእኔ አዝነው ግን አያለዝቡት።