የሚሊሜትር መጋዝ

ባለቤቴን ሰፈሩ በሙሉ ሚሊሜትር ይለዋል። ስሙን ያወጣለት አናጢው ነው። አንድ ቀን ጣውላ ልናስረክበው ሄደን ባለቤቴ አንዷን መልሶ ጋሪው ላይ ጫናት። «ጋሼ፣ ይቺ በሁለት ሚሊሜትር ትወፍራለች፤ አልሰጥዎትም» አለው። አናጢው ሳቀና ሰው ሚስት ሲያገባ እንኳ እንዲህ አይለካም አለ። እኔም እውነት ነው፣ እኔን ሳይለካ ነው ያገባኝ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሚሊሜትር ሆኖ ቀረ።

ሥራችን ግንድ መሰንጠቅ ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ የወደቀበት ሰው ይጠራናል፤ ሞተር መጋዛችንን ይዘን ሄደን ግንዱን እዚያው በተኛበት ጣውላ አድርገነው እንመለሳለን። መጋዙ ላይ የብረት ማቀፊያ ይታሰራል። ማቀፊያው በግንዱ ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ ሰንሰለቱን በእኩል ውፍረት ይመራዋል። እሱ ጎንበስ ብሎ ይገፋል፤ እኔ ስንጥቁ ተመልሶ መጋዙን እንዳይነክሰው ከኋላ እየተከተልኩ ሽብልቅ እመታለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሽብልቅ መታሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ካቋረጥኩ ወዲህ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

እንደተገዛ የቀረ ዕቃ ቤታችን ውስጥ የለም። የግንድ ጀርባ ጎርባጣ ስለሆነ የመጀመሪያው ስንጥቅ ቀጥ ያለ መሪ ይፈልጋል። በፊት ሳንቃ ነበር የምናነጥፍለት፤ ዝናብ መታውና ተጣመመ፣ ከእሱ በኋላ የወጣውም ጣውላ ሁሉ አብሮ ተጣመመ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ ፍራሻችን ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። የአልጋችንን ሁለት የጎን ብረቶች ፈትቶ ወስዷቸዋል። ቤቱ ውስጥ እንደነሱ ቀጥ ያለ ነገር የለም አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው፤ በሩም መስኮቱም ጠማማ ነው። የተጋባንበት አልጋ ነበር፤ ግን ምን እላለሁ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጣውላው እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ ወጣ፤ እኛም ወለል ላይ መተኛት ለመድን።

ቀጥሎ ከተጣለ ማሽን ኩሽኔታ አውጥቶ ማቀፊያው ሥር ገጠመ፤ መንሸራተቱ ቀርቶ መንከባለል ጀመረ። ወገቡን ለማሳረፍ መስሎኝ ነበር።

ወገቡ አልነበረም። የመጋዙ መንቀጥቀጥ ጣቶቹን አደንዝዟቸው ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ እኔ መቆለፍ ከጀመርኩ ከርሜያለሁ። የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ሲያመልጥ ብርጭቆው ያዳልጣል ይላል፤ እኔም አዎ ያዳልጣል እላለሁ። አንድ ጠዋት ሰው ግቢ ውስጥ መጋዙ እየሠራ እጁ ሳይታወቀው ከመያዣው ሸሸ። ሰንሰለቱ የጫማውን አፍንጫ ቆረጠው፤ ጣቱን ግን አልነካም። እሱ ጫማውን አየ፣ እኔ ፊቱን አየሁ። ሞተሩን አጠፋ፣ መልሶ አስነሳው። ሚሊሜትር እጁ ከዳው ከተባለ ግንዱን የሚሰጠን የለም። እንዲህ እያለ ከቀጠለ ደግሞ አንድ ቀን እግሩን ነው።

በሳምንቱ ጓሮ ልብስ ሳጥብ ሜትር ይዞ መጣና ከመሬቱ እስከ ክርኔ ለካኝ።

«ለሬሳ ሳጥን ከሆነ እስከ አናቴ ለካ» አልኩት።

አልሳቀም። ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ ወደ በያጁ ሄደ።

ይዞ የመጣውን ጓሮ ካለው ግንድ ራስጌ ተከለው። ሁለት የብረት እግር፣ ከብስክሌት ማርሽ የተሠራ የገመድ መጠቅለያ፣ እጀታ። እጀታውን ሲያዞሩት ገመዱ መጋዙን ይስበዋል። ነዳጅ መስጫውንም በፍሬን ካቦ ከእጀታው ጋር አገናኝቶታል፤ እጅ ሲለቀው ሰንሰለቱ ይቆማል። የሚያዞረው ሰው መጋዙ አጠገብ አይደርስም። እስቲ ቁሚ አለኝ።

ያኔ ገባኝ፤ የምታዞረው እኔ ነኝ። እሱ ሲያርፍ አብሬው አርፋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። የጠየቀኝ የለም፤ ክርኔን ለክቶ ጨርሶታል።

«እኔ መጋዝ ይዤ አላውቅም» አልኩ።

«አትይዢውም። እጀታውን ብቻ ነው። ሽብልቁን እኔ እመታለሁ።» ጣቶቹን አጠፍ ዘርጋ አደረጋቸው። «መዶሻ እስካሁን አልከዳኝም።»

ስለ እጁ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እጀታውን ያዝኩ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጣ። አንዴ አዞርኩት፤ ክንዴ ተንጠለጠለ። እጀታው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎብኛል። እንዴት እሱ ይሳሳታል ብዬ ዙሪያዬን ሳይ ልብስ ሳጥብ የምቆምበትን ድንጋይ አየሁትና ሳቅ አመለጠኝ።

«ስትለካኝ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ነበር» አልኩት።

ድንጋዩን አየ፣ እጀታውን አየ። በሁለት ሚሊሜትር አናጢ ሲያስለቅስ የኖረ ሰው ግንዱ ላይ ቁጭ አለና ራሱን ያዘ። አልሆነኝም ካልኩት አምኖኝ የተከለውን ይነቅለዋል፤ በማግሥቱ ራሱ መጋዙ ላይ ጎንበስ ይላል። አውቀዋለሁ። እኔ ተቀምጬ ደግሞ የዚያን ጫማ አፍንጫ ሳስብ ልውል ነው።

መፍቻውን ሳጥኑ ውስጥ ፈልጌ አመጣሁ። ቡሎኑን እሱ ሊፈታ ሞከረ፣ ጣቶቹ አልያዙለትም፤ ተቀብዬ ፈታሁት።

«ከታች ሌላ ቀዳዳ ይበሳለት» አልኩ።

«ስንት ልውረድ?»

ጫማዬን አውልቄ ባዶው መሬት ላይ ቆምኩለት። ሜትሩን አንስቶ ለካኝ። ከዚያ ተንበርክኮ የእግሬን ሥር ዳሰሰና እንደገና ለካኝ።