ጥዱ ላይ የታሰረው ሽቦ

አማቴን ሰፈሩ «አራጋፊዋ» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን የሚደፍራቸው የለም። ጠዋት ፊታቸውን እንኳን ሳይታጠቡ ከየአልጋው አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ትራሱን ገፈው ያወጣሉ። ሰው ተኝቶበት ቢሆንም ግድ የላቸውም። «ፀሐይ ያላየ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚያድር ሰው እኔ ቤት አይኖርም» ይላሉ።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ አለ። የልብስ ማስጫው ሽቦ አንዱ ጫፍ ጥዱ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የአጥሩ ብረት ላይ ነበር የታሰረው። አማቴ ብርድ ልብሱን ሽቦው ላይ ይዘረጉና በወፍራም ዱላ ይወቅጡታል። ብናኙ ቡልቅ ይላል።

«አየሽ? አየሽ የያዘውን ጉድ?» ይሉኛል ፊታቸው በርቶ። ብናኙ በበዛ ቁጥር ዱላው ይበረታል።

ባሌ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም። በየዓመቱ ጥዱ ጫፍ ጫፉ ቢጫ መሆን ሲጀምር የእሱ አፍንጫ ይከፈታል። ጠዋት ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ በጣቱ እየፈለቀቀ ይነሳል። መሀረቡን ከኪሱ የማወጣው እኔ ነኝ። የደረቀው እንደ ካርቶን ይንኮሻኮሻል፤ ያልደረቀው ጣቴ ላይ ይለጠፋል። ውሃ ውስጥ ስነክረው ደግሞ ንፍጡ ተመልሶ ነፍስ ይዘራና ይዝለገለጋል። ምግብ በልቼ አላጥበውም። ባል ነው ብዬ ችዬዋለሁ እንጂ ያንገሸግሸኛል።

ዘንድሮ ባሰበት። ጸጉር ቤት ደንበኞቹ መጀመሪያ ላይ ባስነጠሰው ቁጥር «ይማርህ» ይሉት ነበር፤ በኋላ ሰለቻቸው። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ጉሮሮ ላይ ምላጭ እንደያዘ አስነጠሰው።

«ኧረ ተው ልጄ፣ አንተስ ቆይ፤ መጀመሪያ እኔን ይማረኝ!» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

የሚቀጥለው ደንበኛ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ባሌ ጺሙን ሲላጨው አስነጠሰውና ጆሮው ስር ቆረጠው። ሰውየው ለቁስሉ ግድ አልነበረውም፤ የዘገነነው አንገቱ ላይ ያረፈው ንፍጥ ነው። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደተቀባ እየተሳደበ ወጣ።

የጸጉር ቤቱ ባለቤት ባሌን ወደ ጓሮ ጠራው። «ወንድሜ፣ እጅህን እወደዋለሁ፤ አፍንጫህን ግን አልቻልኩትም። ይህቺን ሳምንት ልይህ። ካልሆነ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ።»

ያ ወንበር ከሄደ እኛም አለቀልን። ባሌ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዛ። ማስነጠሱን ቀነሰለት፣ ግን እንቅልፍ አመጣበት። ምላጭ ይዞ የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ ከሚያነጥሰውም ይብሳል። ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ብዙ አላወራችም። «የአበባ ብናኝ ነው፤ አለርጂ አለብህ። እንቅልፍ የማያመጣ ክኒን እሰጥሃለሁ። ቤታችሁን ካላስተካከላችሁ ግን ብቻውን አይበቃም። በዚህ ወቅት ጠዋት ጠዋት መስኮት አትክፈቱ። አንሶላና ብርድ ልብስ ውጭ አታስጡ። በደረቁ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። አንተም ከውጭ ስትገባ ልብስህን ቀይር፤ ጸጉርህን ሳትታጠብ እንዳትተኛ።»

ይህንን ለአማቴ ስንነግራቸው ፊታቸው የተፋ ሰው ያዩ ይመስል ተጨማደደ።

«ውጭ አታስጡ? የሷን ቤት ባየሁት! ቆሻሻ! መስኮት ዘግቼ በሰው ትንፋሽ ልታጠንላት?»

«እማዬ፣ ወንበሬን ልቀማ ነው እኮ» አላቸው ባሌ።

«የሚያስነጥስህ ብርድ ልብሱ ውስጥ ያለው አቧራ ነው። አልመታሁትም በደንብ።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ብቻ ሳይሆን ከሰዓትም ይወቅጡት ጀመር። ባሌ ክኒኑን እየዋጠም ባሰበት።

እኔ ትምህርት ገና በልጅነቴ ነው ያቋረጥኩት። ማጠብ ግን ማንም አያስተምረኝም። አማቴ ገበያ ሲወጡ ጠብቄ መኝታ ቤቱን ያዝኩ። ከአልጋው ስር በእርጥብ ጨርቅ የሳብኩት ነገር እስካሁን ያቅለሸልሸኛል፤ የጸጉር ጉንጉን፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ ክንፉ የረገፈ በረሮ፣ ሁሉም በቢጫ ዱቄት ተለውሶ። የትራሱን ልብስ ስገልጠው ላብና ለሃጭ ካርታ ስሎበታል፤ ካርታው ላይም ያው ቢጫ። ባሌ አፉን ከፍቶ የሚተኛው እዚህ ላይ ነው። ባልዲው ውስጥ የቀረው ውሃም ቢጫ ነበር።

በማግስቱ ከአማቴ ቀድሜ ተነሳሁና ብርድ ልብሶቹን በሙሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ ሽቦው ባዶውን ነው።

«ብርድ ልብሴ የታለ?»

«ነክሬዋለሁ፣ እማማ።»

«ሳይራገፍ? አቧራውን ጭቃ አድርገሽ ልታለብሺን? አንቺ ልጅ፣ ማን ቤት ያለሽ መስሎሽ ነው?»

እኔን መምታት ስላልቻሉ ሽቦውን መቱት።

ጥዱ ተነቃነቀ። ቢጫው ብናኝ ከላይ እንደ ጭስ ወረደ። ጥቁር ሻሻቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ ለስድብ በከፈቱት አፋቸው ውስጥ ገባ። ሽቦው ላይ አንዲት ካልሲ እንኳን አልነበረችም።

ተፉ። ቀና ብለው ዛፉን አዩ። ሽቦውን እንደገና፣ አሁን ቀስ ብለው፣ ነካ አደረጉት። እንደገና ወረደ።

«ይሄ... ከብርድ ልብሱ አይደለም እንዴ የሚወጣው?»

ጎንበስ ብዬ የነከርኩትን ማሸት ጀመርኩ። በዚህ ቤት መቼ ዝም እንደሚባል ለምጃለሁ።

«እኔ ነኝ ታዲያ ልጄ ላይ የምበትነው?» ድምፃቸው አነሰ። ከዚያ ምላሳቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። «እርይ! እርይ! ይህንን ነው ስንተኛበት የኖርነው!»

የሚያኮራቸው ነገር ሁሉ በአንዴ ቀፈፋቸው። ፒንሳ ይዘው መጡና ሽቦውን ቆረጡት። የሱፍ ምንጣፉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ከበር ውጭ ጣሉት። መስኮቱን ዘጉና በዚያው ዱላ ከውስጥ ደገፉት። ማታ ባሌ ሲገባ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«አውልቅ!»

«እማዬ፣ ጎረቤት እያየኝ?»

«ይይሃ! ምን የሚታይ አለህና? ጸጉርህንም ታጠብ፤ ውሃው ሞቋል።»

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ማስነጠሱ ቀነሰ። ጨርሶ አልተወውም፤ መንገድ ላይም ዛፍ አለ። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሠራል። እኚያ ሽማግሌ ተመልሰው መጡ። ባሌ አንዴ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አነጠሰ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ዳሰሱና «ዛሬስ ማረኝ» አሉ። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ሳቀ፤ ስለ ወንበሩም ድጋሚ አላነሳም።

አሁን አንሶላው የሚደርቀው መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከራሳችን በላይ ነው። ቤቱ የረጠበ ውሻ ይሸታል። እርጥቡን ጨርቅ የምጨምቀው እኔ ነኝ፤ ቢጫውን ውሃ የምደፋውም እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ወለሉን ስወለውል አማቴ የተዘጋው መስኮት ጋ ቆመው ነበር። ማዶ ያለችው ጎረቤት ብርድ ልብሷን አጥሯ ላይ ዘርግታ ትወቅጣለች።

«አየሻት?» አሉኝ አፍንጫቸውን ሸፍነው። «አየሻት ይቺን ቆሻሻ?»

«አየኋት፣ እማማ» አልኩና ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከርኩት።